ስማርት ቆጣሪ ይግባ ወይስ ይቅር? ቤቱ ሳይታይ መልስ የለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በብሪታኒያ የምንኖር ሰዎች «ስማርት ቆጣሪ (ንባቡን በራሱ ለድርጅቱ የሚልክ ቆጣሪ) እናስገባልዎ» የሚል ደብዳቤ፣ ኢሜይልና ስልክ ከመብራትና ከጋዝ ድርጅቶች ሲደርሰን ዓመታት ሆኖናል። ነገሩ በተነሣ ቁጥር ከወገን የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ «ነጻ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል፤ ሌላው «አንዴ ከገባ ቢሉን አትችለውም» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ቤቱን ሳያዩ የሚሰጡ ምክሮች ናቸው። ለአብዛኛው ሰው መልሱ «ይግባ» ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ቆጣሪው የት እንዳለ፣ ቤቱ በምን እንደሚሞቅና ክፍያው አስቀድሞ ይሁን በኋላ ሳያጣሩ ቀጠሮ መያዝ ጣጣ ያመጣል። ጋዜጣዎን እዚህ ያሉ ወገኖችም ስለሚያነቡት ዝርዝሩን ልጽፍ ወደድኩ። ዓመተ ምሕረቱም፣ ወርና ቀኑም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ሕጉ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ስማርት ቆጣሪ ለመኖሪያ ቤት ግዴታ አይደለም፤ «አልፈልግም» ማለት መብት ነው። ሰሜን አየርላንድ ከነአካቴው በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ የለችም። ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወጪው ግን በሁሉም ደንበኛ ቢል ላይ ተበትኗል፣ ስለዚህ እንቢ ያለውም ይከፍላል። በ2024 መጨረሻ በአገሩ ካሉት ቆጣሪዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ስማርት ነበሩ። የቆየ ቆጣሪ የአገልግሎት ዘመኑ ሲያበቃ መቀየሩ አይቀርም፤ ያኔ ድርጅቱ ይዞ የሚመጣው በአብዛኛው ስማርቱን ነው። መልእክት እንዳይልክ አድርገው እንዲገጥሙት መጠየቅ ይቻላል።

ተከራይስ? የመብራቱ ወይም የጋዙ ቢል በተከራዩ ስም የሚመጣ ከሆነ ውሳኔው የተከራዩ ነው፤ ቢሆንም የኪራይ ውሉን ማየትና ለአከራይ በጽሑፍ ማሳወቅ ከኋላ ንትርክ ያድናል። አከራዩ ቢሉን ራሱ የሚከፍልበትና ኪራይ ላይ ደምሮ የሚቀበልበት ቤት ከሆነ ግን ወሳኙ አከራዩ ነው። በደባልነት የሚኖሩ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ፦ አከራይ ለተከራይ መብራት መልሶ ሲሸጥ ራሱ ለአንዱ ዩኒት ከከፈለው ዋጋ በላይ ማስከፈል አይፈቀድለትም። በየክፍሉ በር የተለጠፈው ሳንቲም የሚበላ ሣጥን የአከራዩ የግል ንብረት ስለሆነ የስማርት ቆጣሪው መርሐ ግብር አይነካውም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ፤ የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ የሚገባው አሠራሩ ሲታወቅ ነውና። የሚገባው ዕቃ አራት ነው፦ የመብራት ቆጣሪ፣ የጋዝ ቆጣሪ፣ መብራት ቆጣሪው አናት ላይ የሚቀመጥ የመገናኛ ሣጥን፣ እና ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ስክሪን። ሁለቱ ቆጣሪዎችና ስክሪኑ ከመገናኛ ሣጥኑ ጋር የሚነጋገሩት በአጭር ርቀት ሬዲዮ ነው፤ የቤት ኢንተርኔት ወይም ዋይፋይ አያስፈልግም። ሣጥኑ ደግሞ ንባቡን ወደ ውጭ ይልካል። በደቡብና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የሚልከው በሞባይል ኔትወርክ ሲሆን በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ በረጅም ርቀት ሬዲዮ ነው። መብራት ቆጣሪው ኃይል ከመስመሩ ስለሚያገኝ ስክሪኑን በየ10 ሴኮንዱ ገደማ ያድሳል። ጋዝ ቆጣሪው ግን ጋዝና ኤሌክትሪክ እንዳይገናኙ ሲባል በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ባትሪው ለዓመታት እንዲቆይ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ ይናገራል። ስለዚህ ቦይለር ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ቁጥር አልተንቀሳቀሰም ብሎ መደንገጥ አይገባም።

ከዚህ የሚከተለው ችግር ለንደን ውስጥ በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) ፎቅ ለሚኖር ሁሉ አስፈላጊ ነው። ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ቆጣሪው ምድር ቤት ባለ የብረት በር ካቢኔ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ያ የአጭር ርቀት ሬዲዮ በኮንክሪቱ አልፎ ስክሪኑ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ጋዝ ቆጣሪው ወጥ ቤት፣ መብራት ቆጣሪው ምድር ቤት ከሆነም ሁለቱ ላይገናኙ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለ ሕንጻ ርቀት የሚቋቋም፣ በሁለት የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ የመገናኛ ሣጥን አለ። ቀጠሮ ሲያዝ «ቆጣሪዬ ከቤቴ ይህን ያህል ፎቅ ይርቃል፣ በሁለት ሞገድ የሚሠራው ሣጥን ይዛችሁ ኑ» ማለት የግድ ነው፤ ካልተነገራቸው ባለሙያው ተራውን ይዞ ይመጣል። ስክሪኑ ባይሠራ እንኳ ቆጣሪው ንባቡን ለድርጅቱ ሊልክ ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ተጠቅሞ በኋላ ለሚከፍል ሰው የስክሪን መጥፋት ቀላል ጉዳይ ነው፣ አስቀድሞ ለሚከፍል ግን አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከ2018–2019 በፊት የገቡት የመጀመሪያው ትውልድ ቆጣሪዎች (ስሜትስ 1 የሚባሉት) ደንበኛው ድርጅት ሲቀይር ስማርትነታቸው ይጠፋ ነበር። ብዙዎቹ በርቀት ወደ ጋራው ብሔራዊ መረብ ተዛውረዋል። አዲስ ቤት ተከራይቶ ግድግዳው ላይ ስማርት ቆጣሪ ያገኘ ሰው «ይሠራል» ብሎ ከመተማመኑ በፊት ድርጅቱን ይጠይቅ፤ ስማርት የሚመስል ነገር ግን ንባብ የማይልክ ቆጣሪ ሞልቷል። ያልተጠየቀ ድርጅት በግምት ቢል ይልካል፤ ግምቱ ሲጠራቀም ዱብ ዕዳ ይሆናል።

«ስማርት ቆጣሪ ይሮጣል» የሚለውን ወሬ በተመለከተ፣ ለማረጋገጥ ማንንም ማመን አያስፈልግም፤ እጅ ላይ ያለ ሰዓት ይበቃል። የመብራት ቆጣሪው ፊት ላይ የምትብለጨለጭ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ ብዙውን ጊዜ «1000» የሚል ቁጥር ከኪሎዋት ሰዓት ምልክት ጋር ተጽፏል። ይህም 1000 ጊዜ ስትብለጨለጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ፍሪጁን ጭምር፣ ከሶኬት ይንቀሉ። 3 ኪሎዋት የሚስብ የውኃ ማፍያ ለኩሰው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ 50 ገደማ መሆን አለበት። 1,500 ዋት የሚል ምጣድ ከሆነ 25። ምጣዱ ሙቀቱን ሲያገኝ በራሱ ስለሚጠፋ መቁጠር ያለብዎ ገና እንደተለኮሰ ነው። ቆጣሪው ቁጥሩ ሌላ ከሆነ (800 ወይም 4000 የሚል ይኖራል) በዚያው ልክ አስሉት። ጥቂት ብልጭታ ቢበልጥ ወይም ቢጎድል ጥፋት አይደለም፤ የሶኬቱ ቮልት ከፍና ዝቅ ይላል። በሕግ የተፈቀደው የመብራት ቆጣሪ ስሕተት ወደ ላይ 2.5፣ ወደ ታች 3.5 በመቶ ነው። ከ50 ይልቅ 65 ቢቆጥሩ ግን ድርጅቱን ጠርቶ ማስመርመር ያስኬዳል።

ብዙ ጊዜ «አዲሱ ቆጣሪ ቢሌን አናረው» የሚለው አቤቱታ መነሻው ሌላ ነው። ከመገጠሙ በፊት ቤቱ ለወራት በግምት ሲከፍል ቆይቷል፤ ግምቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ ባለሙያው የድሮውን ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብ ሲመዘግብ እውነተኛው ልዩነት በአንድ ቢል ላይ ይወርዳል። ቆጣሪው ያመጣው ዕዳ ሳይሆን የገለጠው ዕዳ ነው። እዚህ ላይ አንድ መከላከያ አለ፦ ከ2018 ጀምሮ ድርጅት በራሱ ጥፋት ሳያስከፍል የቀረውን፣ ከ12 ወር በላይ የቆየ ፍጆታ ወደኋላ ተመልሶ ማስከፈል አይችልም። ደንበኛው ራሱ ንባብ እንዳይወሰድ ከከለከለ ግን ይህ አይሠራለትም።

ቆጣሪው በራሱ አንዲት ፔኒ አይቆጥብም። ስክሪኑ የሚጠቅመው ምን ምን እንደሚበላ ለማየት ነው፤ እዚያም ላይ ሰው የሚፈራውና የሚበላው ለየቅል ነው። ከላይ ያልኩት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ ቢስብ 2.25 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ2025 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ24 እስከ 28 ፔንስ ስለነበር የሳምንቱ እንጀራ ከ60 ፔንስ ብዙ አይዘልም። ባለ 2 ኪሎዋት ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ማታ ለ5 ሰዓት ቢነድ ግን 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 2 ፓውንድ ከ60 ገደማ፣ ያውም በየቀኑ። እንጀራውን ትቶ ማሞቂያውን መቆጣጠር ነው የሚያዋጣው። ስክሪኑ በፓውንድ የሚያሳየውን ሙሉ በሙሉ አይመኑ፤ ድርጅት ሲቀየር ወይም ዋጋ ሲለወጥ አሮጌውን ታሪፍ ይዞ የሚቀር ስክሪን አለ። የኪሎዋት ሰዓቱ ቁጥር ግን ከቆጣሪው የሚመጣ ስለሆነ እሱን ይከተሉ።

የቤቱ ማሞቂያ ጋዝ ከሆነ ይህን አንቀጽ መዝለል ይቻላል። ሌሊት በርካሽ ሰዓት ሙቀት አጠራቅሞ ቀን የሚለቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ወይም ሌሊት የሚሞቅ የውኃ ታንከር ያለበት ቤት ግን መጠንቀቅ አለበት። እንዲህ ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ «ኢኮኖሚ 7» በሚባለው ታሪፍ ላይ ነው፦ ሌሊት ለ7 ሰዓታት ርካሽ፣ ቀን ውድ። አንዳንዱ ቤት ለማሞቂያው ብቻ የተለየ መስመር አለው፤ ያ መስመር የሚበራውና የሚጠፋው በቢቢሲ ረጅም ሞገድ በሚተላለፍ የሬዲዮ ምልክት ነበር። ያ አገልግሎት ከሰኔ 30 ቀን 2025 ጀምሮ በየአካባቢው ደረጃ በደረጃ እንዲዘጋ ስለተወሰነ፣ እዚህ ላይ «አልፈልግም» ማለት አያዋጣም፤ ምልክቱ ሲቆም ማሞቂያው ወይ ጭራሽ አይበራም ወይ ቀን በውዱ ዋጋ ሲነድ ይውላል። የሚያስፈልገው ግን ማንኛውም ስማርት ቆጣሪ አይደለም። የተለየ የማሞቂያ መስመር ላለው ቤት ባለ አምስት ተርሚናል ቆጣሪ ነው የሚገባው፤ በተራው ከተተካ ባለሙያው የማሞቂያውን ገመድ የሚያስርበት ስፍራ ያጣል። ቀጠሮ ሲይዙ «የማሞቂያዬ መስመር ለብቻው ነው» ይበሉ፣ የቆጣሪውንና የገመዶቹን ፎቶ አንስተው ይላኩ። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ርካሹ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በብዙ ቆጣሪዎች ላይ በበጋ ሰዓቱ ወደፊት ሲገፋ የቆጣሪው ሰዓት አብሮ አይገፋም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደግሞ ውኃ ማፍያ ለኩሰው ከሁለቱ ንባቦች የትኛው እንደሚጨምር ይመልከቱ። ድርጅቱ «ሌሊት» ብሎ የመዘገበው ቁጥር ረፋድ ላይ ከጨመረ የቀንና የሌሊቱ ንባብ ተገላብጧል፤ ይህ ስሕተት የተለመደ ነው፣ ካልታየም ለዓመታት ገንዘብ ይበላል።

ቅድመ ክፍያ። አዲስ አበባ ካርድ ቆጣሪ ያለው ቤት ያደገ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፤ እዚህ የድሮው ዓይነት ለመብራቱ የፕላስቲክ ቁልፍ፣ ለጋዙ ካርድ ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። ለእነዚህ ቤቶች ስማርት ቆጣሪ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ ገንዘቡ በስልክ ይገባል፣ ቁልፍ ጠፋ ካርድ ተሰበረ የሚባል ነገር የለም። ምልክት ከሌለ ግን ገንዘቡ በራሱ አይደርስም። ያኔ ሲከፍሉ የሚሰጠውን ባለ 20 አኃዝ ቁጥር በቆጣሪው ቁልፎች ማስገባት ይቻላል፤ ሰዎች ይህን ስለማያውቁ ከፍለው በጨለማ ያድራሉ። ደረሰኙን አይጣሉ፣ መልእክቱንም ከስልክ አያጥፉ። ቁልፎቹን ለመንካት ቆጣሪው ጋ መድረስ ስለሚያስፈልግ፣ ምድር ቤት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ የሚገኝ ቆጣሪ ላለው ሰው ቅድመ ክፍያ አልመክርም፤ ወይ የክፍሉን ቁልፍ ከሕንጻው አስተዳዳሪ ይቀበል፣ ወይ በወር ወደሚከፈለው ይዛወር። ጋዝ ደግሞ ከተቋረጠ በኋላ ገንዘብ ስለገባ ብቻ አይከፈትም። ምድጃውም ቦይለሩም መዘጋቱን አረጋግጦ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህ የተደረገው ክፍት የቀረ ምድጃ ቤቱን በጋዝ እንዳይሞላው ነው።

«ስማርት ከገባ ሳልፈልግ ወደ ቅድመ ክፍያ ይቀይሩኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ ቆጣሪውን ከቢሮ ሆኖ በአንድ ትእዛዝ ማዛወር ይቻላል። በየካቲት 2023 በግዳጅ ማስገባት ከታገደ በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጀም ደንቡን አጥብቋል። በርቀት ማዛወርም በር ሰብሮ እንደማስገባት በአንድ ደንብ ይዳኛል። ረዳት የሌላቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን፣ ከ2 ዓመት በታች ሕፃን ያለበት ቤትና ለሕክምና መሣሪያ መብራት የግድ የሚያስፈልገው ሰው ያለበት ቤት በግዳጅ አይዛወሩም። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ድርጅቱ ሲያውቅ ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አረጋዊ፣ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካለ ቆጣሪው ከመግባቱ በፊት በልዩ አገልግሎት መዝገብ ላይ መመዝገብ ይገባል። በስልክ መደወል ይበቃል። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው እናቶችና አባቶች አስተርጓሚ ቢጠይቁም አያሳፍርም።

ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ቤቱ ባዶ ሆኖም የቀን ቋሚ ክፍያው ይቆጠራል። በ2025 የመብራቱ በቀን ከ50 ፔንስ በላይ፣ የጋዙ 30 ፔንስ አካባቢ ነበር፤ ለ60 ቀን ሲደመር ወደ 50 ፓውንድ ነው። በቅድመ ክፍያ ላይ ያለ ቤት ቀሪ ሒሳቡ በዚህ ተበልቶ ያልቃል፣ ጋዙ ይዘጋል፣ ቦይለሩ ቧንቧ እንዳይበርድ በራሱ የሚነሣበት መከላከያም አብሮ ይቆማል። በጥር ብርድ የፈነዳ ቧንቧ ከሁለት ወር ክፍያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። የቁልፍና የካርድ ቆጣሪ ያለው ከመሄዱ በፊት ሞልቶ መሄድ አለበት፤ ስማርት ያለው ግን ቦሌ ሆኖም ሒሳቡን በስልኩ እያየ ይሞላል።

መረጃን በተመለከተ በአጭሩ፦ ቆጣሪው ውስጥ ስም፣ አድራሻና የባንክ ቁጥር የለም። የ13 ወር የግማሽ ሰዓት ንባብ ይዞ ይቆያል። ድርጅቱ ያንን በወር፣ በቀን ወይም በግማሽ ሰዓት እንዲወስድ ምርጫውን ለደንበኛው ማቅረብ አለበት። የግማሽ ሰዓት ንባብ ሰው መቼ እንደሚነሣና መቼ ቤቱ ባዶ እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ ጥቅም ካላገኙበት በወር ወይም በቀን ማድረግ ምንም አያጎድልም። የሬዲዮ ሞገዱ ጤና ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ የአገሪቱ የጤና ደኅንነት ተቋም እንደሚለው መጠኑ ከተፈቀደው ወሰን በጣም በታች፣ ከእጅ ስልክም ያነሰ ነው። ሳሎን ላይ ከሚቀመጠው ስልክ ይልቅ ጓዳ ያለውን ሣጥን መፍራት አይገባኝም።

የግማሽ ሰዓት ንባብ በግልጽ የሚጠቅመው የኤሌክትሪክ መኪና ለሚነዳ ነው፤ ሚኒካብ የሚሠሩ ወገኖች ብዙዎቹ ወደዚያ እየገቡ ነው። ለመኪና የተዘጋጁ የሌሊት ታሪፎች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ7 እስከ 9 ፔንስ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር በስድስት ሰዓት ተኩል ወደ 45 ኪሎዋት ሰዓት ያስገባል፤ በ8 ፔንስ 3 ፓውንድ ከ60፣ በ26 ፔንስ 11 ፓውንድ ከ70። ያለ ስማርት ቆጣሪ እነዚህ ታሪፎች አይሰጡም። የራሱ መኪና ማቆሚያ የሌለውና መንገድ ላይ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ግን ከዚህ አያተርፍም፤ ቀን ላይ ዋጋው ከተራው ታሪፍ ሊበልጥበትም ይችላል። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ያለው ሰውም ወደ መስመሩ ለሚልከው መብራት ገንዘብ ለማግኘት የግማሽ ሰዓት ንባብ የሚለካ ቆጣሪ ያስፈልገዋል።

አሁን ስለ ቀጠሮው ቀን። ለሁለቱም ቆጣሪ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ መካከል መብራቱም ጋዙም ለጊዜው ይጠፋሉ። ከሳምንት በፊት ቆጣሪው አካባቢ ያለውን ጓዝ ያንሡ፤ ደረጃ ሥር ያለው ቆጣሪ ብዙ ጊዜ በሻንጣና በጤፍ ከረጢት ተከልሎ ይገኛል፣ ባለሙያው ደግሞ ጓዝ አያነሣም፣ ይመለሳል። ፎቅ ቤት ከሆነ ቆጣሪው የእርስዎ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በአንድ ካቢኔ ውስጥ ሃያ ቆጣሪ ተደርድሮ የቁጥር 3 ቆጣሪ ለቁጥር 4 የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። ዋናውን ማጥፊያ ቤት ውስጥ ያጥፉና የትኛው ቆጣሪ ብልጭታው እንዳቆመ ይዩ፤ በብዙዎቹ ቆጣሪዎች ላይ ቀይዋ መብራት ሳትብለጨለጭ በርታ ትቀራለች። የቆጣሪውን ተከታታይ ቁጥርና ቢሉ ላይ ያለውን ያነጻጽሩ። የመብራት መስመሩ መለያ 13 አኃዝ ነው፤ ለንደን ውስጥ ብዙው በ12 ይጀምራል።

ጠዋት ባለሙያው ከመግባቱ በፊት የድሮዎቹን ቆጣሪዎች ንባብና ተከታታይ ቁጥር በአንድ ፎቶ ውስጥ እንዲታዩ አድርገው ያንሡ። ሲጨርስ የአዲሶቹንም እንዲሁ። በዚህ ሥራ ላይ ከሚፈጠሩት ስሕተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፦ የመዝጊያው ንባብ አይመዘገብም፣ ድርጅቱ ገምቶ ይዘጋል፣ የድሮው ቆጣሪ ተጥሏል፣ ማስረጃ የለም። ፎቶው ካለ ክርክሩ በአንድ ኢሜይል ያልቃል።

ባለሙያው ጋዙን ከነካ የማፍሰስ ፍተሻ ማድረግና ምድጃና ቦይለሩን በዓይን ማየት አለበት። ፍሳሽ ወይም አደገኛ ምድጃ ካገኘ ይዘጋል፤ አከራይ ያለው ሰው ያንን ለማሠራት ግዴታው የአከራዩ መሆኑን ይወቅ። ሥራው ሳይሠራ የሚቀርባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ቆጣሪው የተሰቀለበት አሮጌ ሰሌዳ አስቤስቶስ (ብናኙ ጤና የሚጎዳ የግንባታ ዕቃ) ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ፊውዝ ያረጀና የሚሞቅ ሊሆን ይችላል፣ ለመገናኛ ሣጥኑ ቦታ ላይኖር ይችላል። ዋናው ፊውዝ የአከፋፋዩ መስመር ድርጅት ንብረት ነው፤ ያረጀውን የሚቀይረውም እሱ ነው፣ እርስዎም ማኅተሙን እንዳይበጥሱ። በ105 ደውሎ የአካባቢውን አከፋፋይ ማግኘት ይቻላል። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ መስኮት ከፍተው፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ወጥተው 0800 111 999 ይደውሉ። ድርጅቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ካልመጣ ካሳ አለ፤ ከ2025 ግንቦት ጀምሮ 40 ፓውንድ ነው፣ ሳይጠየቅም ሊከፈል ይገባዋል።

የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ በተለይ ጋዙን በጥንቃቄ ያንብቡ። አዲሱ ጋዝ ቆጣሪ የሚለካው በሜትር ኩብ ነው፤ የድሮው ግን ብዙ ጊዜ በመቶ ጫማ ኩብ ነበር። አንድ መቶ ጫማ ኩብ 2.83 ሜትር ኩብ ነው። በመዝገቡ ላይ የድርጅቱ ሠራተኛ የመለኪያውን ዓይነት ሳይቀይር ከቀረ አዲሱ ንባብ በ2.83 እየተባዛ ይመጣል፤ ቢሉ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን የሜትር ኩብ ልዩነት በ11.2 ያባዙ፤ ቢሉ ላይ ያለው ኪሎዋት ሰዓት ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። 50 ሜትር ኩብ 560 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፣ በ6.3 ፔንስ 35 ፓውንድ። ቢሉ 1,580 ኪሎዋት ሰዓት ካለ የጫማው ስሌት አልተነሣም።

ቅሬታ ሲኖር በስልክ ተነጋግሮ ከመተው በጽሑፍ ማስገባትና የቅሬታ ቁጥር መቀበል ይሻላል። ስምንት ሳምንት አልፎ መልስ ካልመጣ፣ ወይም ድርጅቱ «ከዚህ በላይ የምንለው የለንም» የሚል ደብዳቤ ከሰጠ፣ የኢነርጂ እንባ ጠባቂው ጉዳዩን በነጻ ይመለከታል። ፎቶዎቹ፣ ባለ 20 አኃዙ ቁጥርና የብልጭታው ቆጠራ ሁሉ እዚያ ማስረጃ ይሆናሉ።

ይህን ሁሉ አንብቦም «ለጊዜው ይቆየኝ» የሚል ሰው፣ ማሞቂያው በዚያ የሬዲዮ ምልክት የሚሠራ ካልሆነ፣ ብዙ አይጎድልበትም፤ በየወሩ ንባቡን ራሱ አንብቦ እስከላከ ድረስ ቢሉ በግምት አይመጣም። ላለመርሳት በወሩ መጀመሪያ ቀን ስልኩ ላይ ማስታወሻ ይሙላ፤ መብራቱንም ጋዙንም በአንድ ቀን ይላክ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር አይላክ።

ከሰላምታ ጋር፣
የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከለንደን